የአባዬ እጆችና የሞተሩ ቫልቭ

ሱሉልታ ላይ በማለዳ ብርድ አንድ ሞተር ሳይክል ሊነሳ ሲታገል ስሰማ፣ የግቢያችን እርጥብ ሣርና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አሁንም አብሮ ይመጣብኛል። አባዬ በገጠር እየዞረ ሕፃናትን የሚከትብ የጤና ሠራተኛ ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቱ የጭቃ መንገድ የሚችል ሞተር ሰጥቶት፣ የክትባቱን ሳጥን ከኋላው አስሮ ይወጣ ነበር።

ክረምት ላይ ዳገቱና ጭቃው ሞተሩን ስለሚያደክመው፣ እሁድ ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በረንዳው ላይ አቁሞ ቫልቮቹን ያስተካክል ነበር። ክዳኑን ፈትቶ፣ በቫልቩና በሚጫነው ብረት መካከል እንደ ወረቀት የሳሳች መለኪያ አስገብቶ፣ በዝግታ እየሳበ፣ ክፍተቱ ልክ መሆኑን በጣቱ ያውቅ ነበር። ከጠበበ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ከሰፋም ይንኳኳል ይለኝ ነበር፤ እኔም ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እየገመጥኩ አየው ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርዱ ነው አለ፤ በጋው ገብቶ ፀሐዩ ሲጠነክርም ግን አልተወውም። የክዳኑ ዳዶ ከጣቶቹ እያመለጠ ሣሩ ውስጥ ይወድቅበት ነበር። ሆስፒታል ሄዶ ሲመለስ እማዬ ፊቱን አይታ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም መባሉን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ እሁድ እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቡ ተንበረከከችና መለኪያዋን ተቀበለችው፤ ልክ መሆኑ በምን እንደሚታወቅም ጠየቀችው።

«ስትስቢው እምቢ ሳይልሽ፣ ዝም ብሎም ሳይለቅሽ ይምጣ» አላት።

ደጋግማ ሞክራ፣ ብሎኑን አጥብቃ፣ ክዳኑን ስትመልሰው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ድምፁ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም ነበር። እማዬ ሳቀች። አባዬም ወጥቶበት ነዳጅ ሊሰጠው ሲል፣ እጁ ያለ ፈቃዱ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አዙሮት፣ ሞተሩ ተፈናጥሮ ከነእሱ አጥሩ ላይ ወደቀ። እማዬ አነሳችውና አቧራውን ከልብሱ አራገፈችለት።

በልግ ሳይገባ መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን ወሰደው። አባዬ ይከትብበት ከነበረው መንደር ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ በእግራቸው መጡ።

«አከም ጂርታ» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቁት፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ። «የልጅ ልጄ ክትባት ደርሷል። መቼ ትመጣለህ?»

«ሌላ ሰው ይልኩላችኋል፣ ኦቦ» አላቸው፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ። በእሱ ቦታ ማንም እንዳልተተካ ያውቅ ነበር። እሳቸውም መርቀውት ዳገቱን ተመለሱ።

እማዬ ካረፈች ቆየች። ያኔ በልጅነቴ የተበላሸ ነገር ሁሉ ማልደው ተነስተው በትዕግሥት ከያዙት የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት የአባዬን ሸሚዝ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ እሱ ይሻለኛል አይለኝም፣ እኔም አልጠይቀውም።