የልጃችን ሙስታንግ

እኔ ልሙት፣ የማወጋችሁ ሁሉ እውነት ነው።

ሟቹ ልጃችን ሙስታንጉን ከፍ አስደርጎ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞ በረሃ ለበረሃ ሊነዳው ይመኝ ነበር። እናቱ ግን ከቀበርነው ወዲህ መኪናውን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። በስንት ልመና ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ አንድ ሐበሻ መካኒክ ዘንድ ይዣት ሄድኩ።

«እማማ፣ መጀመሪያ በስክሪን ይዩት። ካልወደዱት አንነካውም» አላትና የመኪናውን ፎቶ መለወጥ ጀመረ።

ጎማው ሰው አከለ። መኪናው ቤት የሚያህል ሆነ፤ ከጀርባውም በረሃ ገባበት። በረሃውን እየሰነጠቀ ሲፈተለክ አቧራው እኔን አስሎኛል!

«ይበቃል እማማ? ወይስ ትንሽ ከፍ ላድርገው?»

ባለቤቴ መዳፏን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ ልጄ!» አለች። ከዚያ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለመካኒኩ ሰጠችው።

እሺ፣ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ፤ አቧራ አልነበረም። ፎቶው ላይ መኪናው ቆሞ ነበር።