ባቢሌ ኬላ ላይ የሰማሁት ቃል

ትናንት በባለቤቴ አርባ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባው ተነሥቶ፣ «ጋሽ ታደሰ ኢንጄኑየስ ሰው ነበሩ» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የቃሉን ዋጋ የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት፣ እናቴ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ዲራ ገዛችልኝ፤ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ስስ ቀሚስ። ሐረር ሸጬ በትርፉ ነርስነት ልማር ነበር። ከጅጅጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩና እንደ መንገዱ ወግ ቀሚሶቹን ለተሳፋሪው አንድ አንድ አደልኩ። ቀረጥ ያልተከፈለበትን ሸቀጥ የሚወርሰው የጉምሩክ ኬላ ሲደረስ ሁሉም «የግሌ ነው» ይላል፤ ካለፉ በኋላ ይመልሳል። እንቢ የሚል የለም።

ከጎኔ የተቀመጠው ከጎጃም አዲስ የተመደበ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። «ያዝልኝ» ስለው «እሺ እህቴ» ብሎ ተቀበለኝ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ባቢሌ ደረስን። የተቆላ ለውዝ ሽታ በመስኮት ይገባል። ፈታሹ እየጠየቀ መጥቶ እሱ ጋ ቆመ።

«ያንተ ነው?»

«ኧረ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው» አለ፣ በፈገግታ ወደ እኔ እያመለከተ።

ፈታሹ ያንኑ ዓይነት ቀሚስ ከየሰዉ ጭን ላይ ለቅሞ ወሰደ። ከኋላችን የነበሩት፣ ሰው ሁሉ በሶማሊኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ሽንኩርት ነጋዴዋ ሀዎ፣ «ወላሂ፣ እናትህ ወተት ብቻ እያጠጣች ነው ያሳደገችህ!» ሲሉት አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አለቀስኩ።

መምህሩ አብሮኝ ወረደ። ፈታሹን ቢለምን፣ ቢለምን፣ አልሆነም። ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለውዝ እየፈለፈለ ሰጠኝ፤ ወረወርኩበት።

«እንደኔ ላለ ሰው በእንግሊዝኛ ቃል አለ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ኢንጄኑየስ። ተንኮል የማያውቅ፣ በልቡ ያለውን እንዳለ የሚናገር ማለት ነው። ለልጅ ሲሉት ምስጋና ነው። ለአዋቂ ሲሉት ግን ግማሹ ሐዘኔታ ነው።»

«ስድብም ጨምርበት!» አልኩት።

ይቅርታ ሊጠይቅ እናቴ ቤት ሲመላለስ፣ በዚያው አገባኝ። ነርስ አልሆንኩም። እሱም ለአለቆቹ ሁሉ እውነቱን እየተናገረ፣ እድገት ሳያገኝ፣ እንደተመደበ መምህር ሆኖ አረጀ።

ሊሞት ሰሞን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ «ትድናለህ፣ አይደል?» አልኩት። ሐኪሙ ለእሱ ብቻ ነግሮት ኖሯል። ያን ጊዜ ፈታሹን ባየበት ዓይን አየኝ።

«አልድንም» አለ።

አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ ስሜን እንኳ ሳያውቅ፣ ለእኔ ሲል ዋሽቶ ነበር። እሱ አንድ ቀን፣ አንዲት ሌሊት እንድተኛበት ያህል እንኳ፣ መዋሸት አቃተው።