በጀጎል ያልበራው ፍላሽ

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከድሬዳዋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረር የሄድኩት ለአንድ ፎቶ ነው። እትዬ ፋጡማ የእናቴ የቆየ ወዳጅ ናቸው፤ የሚኖሩት ጀጎል ነው። እናታቸው አርፈዋል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀሏቸው ስፌቶች በዚያው ቅዳሜ፣ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ፣ ለእሳቸውና ለሦስቱ እህቶቻቸው ሊከፋፈሉ ነበር። «ሳይወርዱ አንሳልን፤ አራታችንም ከሥሩ እንቀመጣለን» አሉኝ።

አወዳይ ላይ የጫት መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ግማሽ ሰዓት ተገተርን። በሠላሳ ብር ሁለት ሳምቡሳ በልቼ ሸዋ በር ስወርድ ስምንት ሰዓት አልፏል።

እትዬ ፋጡማ ቤት

ቤቱ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። እህትማማቾቹ ነደባ የሚሉት ቀዩ መደብ ላይ ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ስፌቱ እስከ ጣሪያ ደርሷል። የድሮ ፍላሼን አዲሱ ካሜራዬ አናት ላይ ሰካሁት። ልክክ ብሎ ገባ። ተጫንኩ፤ አልበራም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ እፍ አልኩበት። ወይ ፍንክች!

«ሱብሃነላህ! ተበላሽቶ ነው?» አሉ እትዬ ፋጡማ።

ሸዋ በር አጠገብ ወዳለ ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቱ ካሜራው አናት ላይ ያለውን የፍላሽ መቀመጫ አየት አድርጎ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ የመሃሏ ነጥብ የታለች?»

እውነቱን ነው፤ ፍላሹን የምታበራዋ የመሃል ብረት የለችም!

«ፋብሪካዎቹ ረስተዋት ነው?» አልኩት።

«ወላሂ አልረሷትም። የራሳቸውን ፍላሽ እንድትገዛ ነው። እሱን ደግሞ እዚህ አታገኘውም።»

ደሜ ፈላ። ምስር የማታክል ብረት ሰውን ይነሱታል? ጭራሽ አልገባም ቢል እኮ ካሜራውን ስገዛ ሱቁ ውስጥ አውቀው ነበር! የሚሠራ መስሎ ይገባና ሰው ፊት ያዋርዳል። ነውር አያውቁም እንዴ?

«አትናደድ፣ በእጅ አብራው። ከኋላው መሞከሪያ ቁልፍ አለው» አለኝ።

እየተራገምኩ ተመለስኩ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዬ ላይ አድርጌ ቤቱ እንዲጨልም በሩን ዘጋሁ። እኔ ካሜራውን ተጭኜ ለአራት ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ ፍላሹን ከጎን ሆኖ የሚያበራ ሰው ያስፈልጋል። እትዬ ፋጡማ ከመደቡ ወርደው ያዙልኝ።

«አሁን!» ስል «ቢስሚላህ» ብለው ተጫኑት። ቤቱ ቦግ አለ። በሦስተኛው ተሳካ። ወዲያው የአስር አዛን ተሰማ፤ ከሶላት በኋላ ስፌቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ስመለስ እስከ ድሬዳዋ ድረስ አጠገቤ ለተቀመጠው ገበሬ ስለዚያች ነጥብ ሳወራ ሰውየውን እንቅልፍ ወሰደው።

ቤቴ

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ፎቶውን ከፈትኩት። ስፌቱ አንድም ሳይቀር ወጥቷል። ሦስት እህትማማቾች ተቀምጠዋል። እትዬ ፋጡማ የሉም! እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመሙት፣ ያንን ግድግዳ በየሳምንቱ ያራገፉት እሳቸው ናቸው። ካሜራው እኮ ቆጥሮ በራሱ የሚያነሳበት ነገር አለው። እሱን ሞልቼ ፍላሹን እኔው መያዝ እችል ነበር። ሌላውን ስረግም ሥራዬን ረሳሁ።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ፤ «እኔን ኢንሻላህ ሌላ ቀን ታነሳኛለህ።»

አነሳቸዋለሁ። ግድግዳው ግን ባዶ ነው። ነጥቧን የነሱኝ ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ እትዬ ፋጡማን ከፎቶው ያስወጣኋቸው ግን እኔ ነኝ።