አያቴ ወደ ሠርጌ የተጠሩበት ቀን

ባለፈው ጥር ወረታ መገንጠያው ላይ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ የሠርግ አጀብ መንገዱን ዘጋው። ከፊት የነበረችው ባጃጅ ጠፍታ አልነሳ ብላለች፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክስ ያንባርቃሉ። ሙሽራዋ ቬሏን ወደ ኋላ ጥላ አንገቷን በመስኮት አወጣችና «ኧረ ግፏት! ቆማችሁ ታያላችሁ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቲማቲሟ «የዛሬ ሙሽራ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ። የምትናገር የዛሬ ሙሽራ ብቻ መስሏታል፤ እኔም በሠርጌ ቀን ተናግሬያለሁ።

ወላጆቼን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ የእናቴ አባት ናቸው። ወረታ ጋሽ ደምሴ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸው ነበር። በወጣትነታቸው ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ድንጋይ ተሸካሚ ሆነው ገብተው መካኒክ ሆነው ወጡ። ጋራዣቸው በደብረ ታቦር መንገድ ዳር፣ ጥቂት ቆርቆሮና አንድ ትልቅ የሾላ ጥላ ነበር። እምቢ ያለ ሞተር ሲገጥማቸው ገበሬ በሬውን እንደሚያባብል ያባብሉታል፤ «ና የኔ ጌታ፣ እንዲህ አይኮረፍም» ይሉታል። ጠዋት ኪሳቸውን የሽንብራ ቆሎ ሞልተው ይወጡና ማታ ቆሎና ብሎን ተቀላቅሎበት ይመለሳሉ። እኔ ብሎኑን እለቅምና ቆሎውን እበላለሁ። በሰው እንዲህ የተወደደ ሰው አላየሁም። የተቸገረ ሾፌር የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር።

ባለቤቴ አስማረ ከወረታ ወጣ ብሎ ያለው የቁሐር ሚካኤል መንደር ልጅ ነው። አባቱ አቶ ፈንታ ከብታቸው ሜዳ የሚሞላ፣ በሩዝም የከበሩ ገበሬ ነበሩ። አስማረ የአባቱን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊያሠራ ሲመላለስ ተዋወቅን፤ ሞተሩ ከተሠራም በኋላ መመላለሱን አልተወም።

ሽማግሌ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ተከትሎ መጣ። ያን ጊዜ በገጠሩ ብረት የሚሠራ ሰው «ዓይኑ ይበላል» ይባልና አብሮት ማዕድ መቅረብ ይፈራ ነበር። ለአስማረ ዘመዶች ጋራዥና ቀጥቃጭ ቤት ልዩነት አልነበረውም። ሞተራቸውን ያሠራሉ፤ እንጀራ ግን አብረው አይቆርሱም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው «ድግሱ በልጅቱ አክስት፣ በአባቷ እህት ቤት ይሁን። አያትየው ማዕድ ላይ አይቅረቡ። ዘመድ እንዳያጉረመርም ነው» አሉ።

አባባም «ይሁን» አሉ።

እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰምቼው ኖሮ እያለቀስኩ ወጣሁ። «እርስዎ የሌሉበት ምን ሠርግ ነው? ይቅርብኝ!»

«ልጁን ትወጂዋለሽ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? በጋራዡ በኩል ስታልፉ ቆሜ አይሻለሁ። እሱ አይበቃኝም?»

የበቃቸው ለመምሰል ደከሙ። ያን ማታ ግን ኪሳቸውን ሳያራግፉ ተኙ።

የሠርጉ ቀን ሙሽሮቹ፣ አቶ ፈንታና አጃቢው በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ተጭነን ከአክስቴ ቤት ወጣን። በጋራዡ ስናልፍ አባባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። እጃቸውን አነሱ። በቬሉ ውስጥ ሆኜ እስኪጠፉኝ ድረስ አየኋቸው።

ሩዙ ታጭዷል፤ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ተበትኗል፤ ጓያው አረንጓዴ ሆኖ ጥቁሩ መሬት በየቦታው ተሰነጣጥቋል። ሜዳው መሀል ስንደርስ መኪናው ሳል ሳል አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ነካካ፣ ደጋግሞ ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! ቁሐር ሚካኤል ላይ እንግዳው ዳስ ሞልቶ ይጠብቃል፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። ያኔ የአቶ ፈንታ እህት «ምን ትጠይቃላችሁ? አያትየው ቆሞ ሲያየን አልነበረም? ዓይኑ ነው!» አሉ። አንዱ ለአንዱ ሹክ አለ። ሁሉም አማተበ።

ደሜ ፈላ። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች እንጂ አትናገርም፤ ይህን አክስቴ ሳምንት ሙሉ መክራኛለች። ቬሌን ገለጥኩ።

«አባባን ጥሩ!»

«ኧረ ጉድ! ገና ሳትገባ?» አሉ ሴትዮዋ።

ወደ አቶ ፈንታ ዞርኩ። «የእርስዎ ሞተር ሲበላሽ የት ነው የሚወስዱት? አባባ ካልመጡ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። አቶ ፈንታ ፊታቸውን ወደ ኮፈኑ አዞሩ። አስማረ ግን ካባውን አውልቆ ለሚዜው ወረወረለትና ከአንድ መንገደኛ ብስክሌት ለምኖ ወደ ወረታ በረረ።

አባባ ከብስክሌቱ ኋላ ተቀምጠው፣ የመፍቻ ከረጢታቸውን ታቅፈው፣ ነጠላቸው እየተውለበለበ መጡ። ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ እኔ መጡና «ውሃ ጠማሽ?» አሉኝ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኮፈኑ ሥር ገቡ።

«ቱቦው ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው፤ ናፍታው አልደረሰውም» አሉ። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆረጡ፣ ናፍታውን በአፋቸው ስበው ተፉ፣ ቱቦውን መልሰው አሰሩ። ነጩ ልብሳቸው እስከ ደረታቸው ጠቆረ።

«አስነሳው!»

ሞተሩ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ከዚያ እንደ ኮርማ አጓራ። እልልታው ከብቱን አስበረገገ። ከሁሉ በላይ የጮኸው የማን እልልታ መሰላችሁ? የእኒያው የአቶ ፈንታ እህት!

አባባ እጃቸውን በሣር ጠረጉና «በሉ፣ በሰላም ግቡ» ብለው ወደ ወረታ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።

«ጋሽ ደምሴ! ወዴት ነው?» አሉ አቶ ፈንታ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። የተባባልነው አለ አይደል?»

 አማቴ ከመኪናው ላይ የውሃ ጀሪካን አንስተው ተከተሏቸው። «እጅዎን ይዘርጉ» አሉና ራሳቸው አስታጠቧቸው። «የተባባልነውን እኔ አፍርሼዋለሁ። ጋቢና ይግቡ።»

ዳሱ ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጧቸው። ሰው ሁሉ እያየ አማቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷቸው።  አባባ ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡና «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኔ ከእርስዎ መጣላት አልፈልግም» አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ደገሟቸው፤ አባባም በተራቸው አጎረሷቸው።

«ናፍታ ናፍታ ይላል» አሉ አማቴ እያኘኩ።

«ለጉልበት ነው» አሉ አባባ።

ከዚያ ወዲህ አማቴ ገበያ በወጡ ቁጥር ምሳቸውን የሚበሉት ጋራዡ ውስጥ ነበር። አባባ ሸምግለው ሲያርፉም ቁሐር ሚካኤል ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አልቅሶ ቀበራቸው። አሁን ሁለቱም የሉም። ሰዎች ትዳሬን ሲያዩ ትዕግሥቴን ያመሰግኑልኛል። ትዕግሥት መልካም ነው፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ካደረግሁት ሁሉ የምኮራው ያን ቀን አፌን በመክፈቴ ነው።

ትልቁ ልጄ ዛሬ ወረታ ላይ ጋራዥ አለው። ገበሬው የውሃ መሳቢያውንና የሩዝ መፈልፈያውን ጭኖ ይመጣለታል። ከበሩ በላይ በትልልቁ «ደምሴ ጋራዥ» ብሎ አጽፏል። ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ።