ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ሚያዝያ መሆኑን ግን አልረሳም፤ የሰፈራችን ኮብልስቶን በጫማ ሥር ይጠብስ ነበርና። ከጎንደር ፒያሳ ወረድ ብሎ ካለው ሰፈራችን መካከል አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ማዘጋጃ ቤቱ ትንሽ መናፈሻ አድርጓት ብሎ ሰጠን። ዛፉ የት ይተከል ሲባል ሁሉም «ከደጄ ፊት» አለ። እኔም ብሆን ከደጄ ፊት ቢሆን አልጠላም ነበር። የማዘጋጃ ቤቷ ባለሙያ ልጅ እግር ናት፤ ሰለቻት። «አባቶቼ፣ ሰኞ እመጣለሁ። እስከዚያ ካልተስማማችሁ ቦታው የባጃጅ ማቆሚያ ይሆናል» አለችን።

ድንኳን እንትከልና ሰው በየሰዓቱ ጥላ ፍለጋ ወዴት እንደሚሄድ እንይ አልሁ። የእድራችን ዳኛ «ሰው ሳይሞት ድንኳን አይተከልም፤ ሞት መጥራት ነው» አሉኝ። እኔም ከተወለድሁበት ከዳባት ልዋስ ተነሣሁ።

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ፀሐይ ወጣች። ኮሶዬ ላይ ብርዱ ጀመረ፤ ሁሉም በየጋቢው ገባ። ገደሉ ከታች ጉም ለብሷል። አምባ ጊዮርጊስ ስንቆም ሴቶች ትኩስ ቅቅል ድንች በመስኮት ያቀብላሉ። ጨውና ሚጥሚጣው በወረቀት ነው። በላሁ፤ ሸጋ ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ዳባት

እዚህ ሰው ጥላ አይፈልግም። ሽማግሌው ሁሉ የግንብ ሥር ይዞ ፀሐይ ይሞቃል። የእድሩ ሊቀ መንበር የአጎቴ ልጅ ነው።

«ምነው አያ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። ለጥላ ነው።»

«ድንኳኑማ ሰው እየጠበቀ ነው» አለና ጎረቤት ወዳለ ቤት ወሰደኝ። አያ አስማረ የሚባሉ አዛውንት ክፉኛ ታመው ተኝተዋል። ቄስ መጥቶ አናዝዟቸዋል። የእድሩ ሰው ሁሉ የሚያስበው እሳቸውን ነው። ፈቃዱን ከራሳቸው ጠየቅን።

«ጎንደር ይሞቃል?» አሉኝ።

«ድንጋዩ ይጠብሳል።»

«ውሰደው። እስክትመልሰው አልሄድም። ግን አትዘግይ፤ አልጋው ሰልችቶኛል።»

ቅዳሜ፣ ቁልቁል

ድንኳኑ ከነቋሚው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ሾፌሩ ወደ ላይ አየ፣ እኔን አየ፣ ዘፈኑን አጠፋ።

«ክፈተው ልጄ፤ ለመናፈሻ ነው» አልሁት።

«ይገባኛል አባቴ። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።»

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ድንች ሻጯ ጣሪያውን አይታ «እግዜር ያጥናችሁ» አለችና ድንች ጨመረችልኝ። ማንም እንዳልሞተ ነገርኋት። «እሱስ ነው፤ ሞቱ አይባልም፤ አረፉ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላስረዳሁም። ረዳቱም ጎንደር ስንደርስ ለድንኳኑ ጭነት ሂሳብ አልቀበልም አለ።

እሑድ፣ ሰፈራችን

ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑን ከቦታው መካከል ተከልነው። ወዲያው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

«ማን ነው?»

«እስካሁን ማንም።»

አንዷ ንፍሮ ቀቅላ ይዛ ስለነበር ተመለሺ ማለት አልቻልሁም። ተቀመጡ። ሌላውም ሰው ንፍሮውን እያየ ተቀመጠ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚያለቅስ አልተገኘም፤ ጨዋታው ደራ። የእድራችን ዳኛም መጥተው ከዳር ቆሙ፤ ኋላ ተቀመጡ።

ቀትር ላይ ሁሉም ከድንኳኑ ሥር ነበር። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ጥላው ወደ ምሥራቅ ሸሸ። ሰውም ምንጣፉን እየጎተተ ተከተለው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለቅሶው በሙሉ መንገዱ ላይ ነው። ባጃጆቹ ጥሩንባ ሳይነፉ ዳር ዳሩን አለፉ። አንዱማ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንግዲህ አያችሁ» አልሁ፣ «ዛፉን ከመካከል ብንተክለው ጥላ የምንሰጠው ለመንገዱ ነው።»

ድንኳኑን ነቅለን ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ወሰድነው። ጥላው ቦታችን ላይ አረፈ፤ ሰውም ተመልሶ ገባ። የማንም ደጅ አልነበረም። ስለዚህ ማንም አልተጣላም።

ሰኞ

ባለሙያዋ መጣች። ምንጣፎቹ ከነበሩበት መቀመጫ፣ ድንኳኑ ከቆመበት ዋንዛዎች ብላ ወረቀቷ ላይ ሳለች። «ይህን ማን አጠናላችሁ?» ስትል ዳኛው «ለቀስተኛው» አሉ።

ማክሰኞ፣ ዳባት

ድንኳኑን ይዤ መንገዱን ሁሉ ድንች እንኳ ሳልገዛ ተጣደፍሁ። ከአዛውንቱ ደጅ ላይ ጩኸት አልሰማሁም። ገባሁ። አይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ዘገየህ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ጥላው ሆነላችሁ?»

«ሆነልን።»

«ድንኳኑን አልቀደዳችሁትም?»

«አልቀደድነውም።»

«እንግዲያ ሸጋ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ለእሳቸው ተተከለ። እንደገና ሄድሁ። ዳባት እንደ ልማዷ ትበርዳለች፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ፍለጋ ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጧል። እኔ ብቻ ከሥሩ ገብቼ ዋልሁ።

ዋንዛዎቻችን አሁን ከሰው ቁመት አልፈዋል። ከሰዓት በኋላ ከሥራቸው የሚቀመጥ ሰው ቦታው በማን እንደተገኘ ሲጠይቀኝ፣ አያ አስማረ እለዋለሁ።