እኅቴ ያልበላችው ሥጋ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደሃና ወረዳ እኅቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ነው። ጊዜ ያስረሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኅቴ የቄስ ሚስት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አጠገቧ ነበርኩ። ሕፃኗ አፏን ከፍታ ስታለቅስ፣ ከላይኛው ድዷ ላይ የሾላ ፍሬ የምታህል ቀይ ሥጋ ተንጠልጥላ አየን። አዋላጆቹ አማተቡ። የእኅቴ አማት ግን ጮኹ።

«በዐቢይ ጾም የበላችውን ሥጋ እግዜር በልጇ አፍ አወጣው!»

«እማማ፣ ስትበላ አይተዋታል?» አልኩ።

«እሱ ካየ መች አነሰ! አንቺ ደግሞ ሁለት ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ ልትመረምሪኝ ነው?»

ሥጋዋ አፏን ስለሞላችው ሕፃኗ ጡት መያዝ አቃታት። የእናቷን ወተት በጥጥ እየነከርን ብናንጠባጥብላትም ልቅሶዋ እየሰለለ ሄደ። ሰቆጣ ክሊኒክ እንውሰዳት ስል፣ «አራስ ከቤት አትወጣም፤ የእግዜርን ምልክት ሐኪም አይነካውም» ተባልኩ። ባሏ ቄሱም አንገታቸውን ደፍተው ዳዊት ይደግማሉ።

እኔ አልጠበቅሁም። ከጎረቤት በቅሎ ለምኜ፣ እኅቴን ከነልጇ አስቀምጬ፣ በዝናብ በጭቃ ሰቆጣ ገባን። ሐኪሙ አየና «ክፉ እብጠት አይደለም፤ አልፎ አልፎ ይዘውት የሚወለዱ አሉ» ብሎ የሥጋዋን ሥር በክር አስሮ ቆረጣት። የአማቷን ነገር ስነግረው ሳቀ። «እንዲያማ ቢሆን የስንቱ ልጅ ሙክት ነክሶ በተወለደ!»

ሕፃኗ በማግሥቱ ጡት ያዘች። በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለክርስትናዋ ብዬ ትምህርት ቤት ሳልመለስ ቆየሁ። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ግን የክርስትና እናት የምትሆናት ሴት ታጣች። «እናቷ ሳትናዘዝ?» እያሉ ሁሉም አፈገፈጉ። ሳትጠመቅ ብትሞት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትቀበርም። እኅቴ መንደሩ ተሰብስቦ እያየ አማቷ እግር ላይ ወደቀች። «አዎን፣ በልቻለሁ» አለች። ንስሐ ተሰጣት፤ ልጅቱም ተጠመቀች።

ለብቻችን ስንሆን «የት አግኝተሽ በላሽ?» አልኳት።

«ዝም በይ። የኔ ስም ይጥፋ፣ እሷ ትጠመቅልኝ።»

ይህንስ ችዬው ነበር። ዘንድሮ በጾሙ መግቢያ ስሄድ ልጅቱ ጥርስ አብቅላ ትሮጣለች። እኅቴ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤቷን ቁጭ አድርጋ፣ «በጾም አፍሽን ጠብቂ፤ እኔ ላይ የደረሰውን አይተሻል» ስትላት ደረስኩ። ዓይን ዓይኗን አየኋት። የምሯን ነው።

አማቷስ እሺ፣ የሚያውቁት ያንኑ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ያን ሥጋ አለመብላቷን የማውቅ አሁን እኔ ብቻ መቅረቴ ነው።