የጋሽ ደመላሽ ብስክሌት ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጋሽ ደመላሽ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ናቸው። ከዲላ ወጣ ብሎ፣ በእንሰትና በቡና መሀል በየዳገቱ ያሉትን ትምህርት ቤቶች በብስክሌት እየዞሩ ይቆጣጠራሉ። የሚኮሩበት ነገር ቢኖር መምጣታቸውን ለማንም ተናግረው አለማወቃቸው ነው። «እኔ ቀጠሮ አልይዝም፤ ዱብ ነው የምለው!» ይላሉ በየስብሰባው። ዱብ ባሉበት ሁሉ ታዲያ አስተማሪው ጠመኔ እንደጨበጠ፣ ርዕሰ መምህሩ ፋይል እንዳገላበጠ ያገኙታል። ሪፖርታቸው ላይ «የተሟላ» ከማለት ሌላ የጻፉበት ጊዜ ትዝ አይላቸውም። ሌላው ሱፐርቫይዘር ሲወቀስ እሳቸው ይሸለማሉ፤ የምስጋና ወረቀቶቻቸውም ሳሎን ውስጥ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ጎን ተሰቅለዋል።

ብስክሌቱ ግን አርጅቷል። የኋላ ጎማው በዞረ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፤ ዳገት ላይማ አቤቱታ እንዳለው ሰው ነው የሚጮኸው። እሳቸው ከልምድ ብዛት አይሰሙትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ!

ቡና መቅላት በጀመረበት ሰሞን ካቴናው ተበጠሰ፤ አንዱ ፔዳልም ተገንጥሎ ቀረ። ጠጋኙ አብዱልአዚዝ ብስክሌቱን ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከመጠገን አልፏል። እኔ ገበያ እንዳያመልጠኝ ብዬ አልዋሽዎትም፤ አዲስ ይግዙ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋችማ ከወሰኑ ቆይተዋል። «ሰው ሁሉ በሞተር ሲበር አንተ ይህን ቆርቆሮ ስትጎትት አታፍርም?»

ጋሽ ደመላሽ አዲስ ሊገዙ ቆረጡ። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። በገበያ ቀን የዳገቱ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር በፍቃዱ መንገድ ላይ አስቆማቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ ሊገዙ ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ኧረ በጌታ! እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ የት ይገኛል? የአሁኑ ዕቃ እኮ ላስቲክ ነው!»

በዚህም አላበቃም፤ መምህራኑ ለማስጠገኛ ማዋጣታቸውን ነገራቸው። አስተማሪ ከዚያች ደመወዙ ላይ ቆርሶ! ጋሽ ደመላሽ እንባቸው መጣ።

«ትሕትናዬን ወደውልኝ ነው» አሉ ማታ ለሚስታቸው። «አለቃ በመኪና ካልመጣ በሚናቅበት ዘመን፣ እኔን በዚህች ብስክሌት ወደዱኝ።»

«እንጃ፣ ሰው በነጻ አይወድም» አሉ ወይዘሮ አሰፋች፤ ወደ ጓዳም ገቡ።

በማግስቱ ጋሽ ደመላሽ መምህራኑን ሊያመሰግኑ ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ኮቴያቸው እንኳ አልተሰማም። የመጀመሪያው ክፍል ተማሪ ሞልቶታል፤ አስተማሪ የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። በፍቃዱ ከቢሮው ጀርባ ሚዛን ተክሎ ከገበሬዎች እሸት ቡና ይረከባል። ሁለት መምህራን ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ሽማግሌው ቢመጣስ?» አለ አንደኛው።

«በምን ይመጣል? ሳይክሉ ገና አልተጠገነም» ሲል መለሰ ሌላው። «ቢመጣም ከታች ከወንዙ ጀምሮ ሲጢጥ ሲል እንሰማው የለ? እሱ ዳገቱን እስኪገፋ እኛ ጠመኔ ይዘን እንጠብቀዋለን። አዲስ ከገዛ ነው ጉዳችን የሚፈላው!»

ጋሽ ደመላሽ ሁሉንም ሰሙ። እጅ ከፍንጅ ይዘዋቸዋል፤ ጉሮሯቸውን አንድ ጊዜ ቢጠርጉ ይበቃ ነበር። ሊጠርጉም አሉ። ግን ሳሎናቸው ትዝ አላቸው። የዛሬውን እውነት ከጻፉ ያ ሁሉ «የተሟላ» ምን ሊባል ነው? እነዚያ በክብር የተሰቀሉ ወረቀቶችስ? ሳላቸውን ዋጥ አድርገው፣ ዶሮ እንደሰረቀ ሰው እያዘገሙ ከግቢው ወጡ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው እውነተኛ ድንገተኛ ጉብኝት በዚህ ተፈጸመ።

ቀጥ ብለው አብዱልአዚዝ ዘንድ ሄዱ።

«ጠግነው» አሉት።

«ካሉ እሺ። ጩኸቱንም በግሪስ ጸጥ አደርግልዎታለሁ፤ እሱ እንኳ ቀላል ነው።»

«እሱን እንዳትነካ!» ብለው ጮኹበት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለምጄዋለሁ» አሉ።

ብስክሌቱ በተጠገነ በሳምንቱ ዳገቱን ሲጢጥ እያሉ ወጡ። በፍቃዱ በር ላይ ጠበቃቸው፤ መምህራኑ ጠመኔ ይዘዋል፤ ሰሌዳው ሞልቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ተጨባበጡ፣ ተሳሳቁ። «እንኳን አልገዙ ጋሼ» አላቸው በፍቃዱ። ጋሽ ደመላሽም «የተሟላ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። እፍረቱ ግን እስከ አንገታቸው ደርሶ ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ትንቢት የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን አቅፋ ሮጣ ደረሰችባቸው። ቤቷ የሚነገረው ጌዴኦኛ ነውና አንቱታ አልለመደችም።

«ጋሼ፣ ነገም ትመጣለህ?»

«ምነው የኔ ልጅ?»

«አንተ ስትመጣ ነው የምንማረው። ዛሬ ማካፈል ጀምረን ነበር፤ አልጨረስንም።»

ጋሽ ደመላሽ ብስክሌቱን ወደ በሩ አዞሩ።

«ነገ ስብሰባ አለብኝ» አሏት። አልዋሿትም፤ ስብሰባው ስለ ትምህርት ጥራት ነበር።